አየሁ ያልኩት መሠረት

ሰመራ ውስጥ ስለ እሱ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ «ያ ቤት ሠሪ ነኝ ባይ ሌባ» ይለዋል፤ ሌላው «እሱ ባይኖር ዛሬም በኪራይ ቤት ቆርቆሮ ሥር እንደ ቆሎ እንቆላ ነበር» ይላል። እኔ ስድስት ዓመት አብሬው ስለሠራሁ ሁለቱም ከእውነቱ ቁራሽ እንደያዙ አውቃለሁ። ይህን ስል ከሁለቱም ወገን የሚቆጡኝ አሉ፤ ይቆጡ። ሰውየውን እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ። ግን አንድ ቀን ከእሱና ከቃሌ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብኝ። የዚያን ቀን ነገር ሌላ ሰው አጣሞ ሳያወራው እኔው ልጽፈው አስቤያለሁ።

ወደ አፋር የመጣው ጥጥ ለቃሚ ሆኖ ነው። ለአንድ የለቀማ ወቅት ብሎ ከደጋ ወርዶ መልካ ወረር ገባ፤ ወቅቱ ሲያልቅ እንደ ጓደኞቹ አልተመለሰም። አዋሽ ሄዶ ድንጋይ ፈለጠ፣ ግንበኛ ሥር ሆኖ ሙያ ቀሰመ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ወደ ገላፊ ለሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚከራዩ አራት ክፍሎች ሠራ። አራቱ ስምንት ሆኑ፣ ስምንቱ ፎቅ ወጡ። ለፎቁ ቦታ ሲፈልግ መንገድ ዳር የነበሩትን የሻይ ዳሶች በአንድ ጠዋት በግሬደር ጠረጋቸው። ባለዳሶቹ ሴቶች አልቅሰው ረገሙት። ፎቁ ሲያልቅ ምድር ቤቱን ሸንሽኖ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክፍል ሰጠ፤ ግማሾቹ መረቁት፣ ግማሾቹ ክፍሉንም ተቀብለው እርግማኑንም አላነሱለትም። «ልክ ናቸው» ይል ነበር ስጠይቀው። «መጀመሪያ ልጠይቃቸው ይገባ ነበር። ግን ብጠይቃቸው እምቢ ይሉኝ ነበራ!»

ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሠራተኛው ሁሉ ግን «ኢንጂነር» ይለዋል፣ እሱም አንድ ቀን አላረመም። ደረት ኪሱ ውስጥ በእስክሪብቶ ፋንታ ሜትር ይይዛል። አንቱታ አይወድም። «አንቱ የሚለኝ ሰው ወይ ሊከሰኝ ነው ወይ ሊለምነኝ» ስለሚል ሁላችንም ጋሼ እያልን በአንተ ነበር የምናነጋግረው። ከምግብም ከመኝታም በላይ ወሬ ይወዳል። መንገድ ላይ ግመል የሚነዳ ሰው ካየ መኪናውን አቁሞ ይወርዳል፤ አፋርኛ አይችልም፣ ግን ሰው ሲያወራ ማየቱ ብቻ ደስ ይለዋል። ሻይ ቤት ከገባ ወንበሩን ይዞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ነው። አንድ ክፉ አመል ነበረው፤ ነገ የሚሠራውን ትናንት ሠራሁት ይላል። ሊያታልል ብሎ ሁልጊዜ አይደለም። እሱ ዘንድ አንድ ቤት የተሠራው ሲታሰብ ነው፤ ሲሚንቶና ድንጋይ ከኋላ ቀስ ብለው የሚደርሱ ጓዝ ናቸው።

እኔ የተወለድኩት እዚያው መልካ ወረር፣ በእርሻው የሠራተኞች መኖሪያ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ የጥጥ መጋዘን ጸሐፊ ሆኖ የቀረ ሰው ነበር። የልጅነት ጓደኞቼ የአፋር ልጆች ስለነበሩ በአፋርኛም በአማርኛም እኩል ነው አፌን የፈታሁት። ካደግኩ በኋላ መጀመሪያ አሳይታ፣ ቀጥሎ ሰመራ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቼ ደብዳቤ እመዘግብ ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ለጉዳይ መጥቶ ከአንድ የአፋር ሽማግሌ ጋር ስንሳሳቅ ሰማን። ሽማግሌው እስኪወጡ ጠብቆ፣

«አንቺ ልጅ፣ ይህን የመሰለ ምላስ ይዘሽ ማህተም ላይ ምን አቀረቀረሽ?» አለኝ።

«አንተስ ሰልፍ ሳትይዝ ምን አስገባህ?» አልኩት።

በሳምንቱ እሱ ቢሮ ተቀጠርኩ።

በዚያን ጊዜ በሰመራና በሎግያ መካከል አርባ ቤቶች ሠርቶ ሊሸጥ ቦታ ተመርቶ ነበር። ቦታው ራሱ ጭቅጭቅ አላጣውም፤ ግመል የሚያልፍበት ነው የሚሉ ነበሩ፣ እውነትም ያልፍበት ነበር፤ ብዙ ከተሟገተ በኋላ በመሀል ሰፊ መተላለፊያ ተወ። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ያቀረበው ፕላን በምዕራብ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት ነበረው። የሰመራን የከሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ወይ ይስቃል ወይ ያለቅሳል። ጋሼ ፕላኑን ጠቅልሎ በብብቱ ያዘና እኔን አስከትሎ ወደ አፋር ሴቶች ሄደ። በአፋር ቤት የምትሠራው ሴት ናት፤ እንጨቱን የምታጎብጠው፣ ሰሌኑን የምታለብሰው እሷ ናት፣ ቤቱም የእሷ ነው። ይህን አገር ያውቀዋል፤ ቤት ሊሠራ መጥቶ እነሱን የጠየቀ ሰው ግን ከእሱ በፊት አላየሁም።

አንድ ወር ሙሉ በየመንደሩ ዞርን። ነፋሱ በሐጋይ ሙቀት ከየት ነው የሚመጣው? በሩን ወዴት ታዞሪያለሽ? ሕፃን ታሞ ቢተኛ የትኛው ጥግ ይሻለዋል? ሴቶቹ እየተያዩ ይስቁበታል፤ ወንድ የቤት ነገር ሲጠይቅ አይተው አያውቁም። አንዷ ፕላኑን ተቀብላ አገላብጣ አየችና «ይህን የሠራው ሰው በገዢዎቹ ላይ ቂም አለው?» አለች። ስተረጉምለት ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ፊቱን አዞረ፣ ግድግዳው ወፈረ፣ ጣሪያው ከፍ አለ፣ በረንዳ ተጨመረ። መሐንዲሱ ተቆጥቶ ወደ መጣበት ሄደ። እኔ ሰውየውን የወደድኩት የዚያን ወር ነው።

ስለ ዳጉ ሳልናገር የሚቀጥለውን ማውራት አልችልም። አፋርና አፋር መንገድ ላይ ከተገናኙ በደረቅ ሰላምታ አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይህ ነው። አንዱ የተቀበለውን ለሚቀጥለው ያደርሳል፣ ኔትወርክ በሌለበት በረሃ እንኳ ወሬው ገላፊ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ሕጉ አጭር ነው፤ ያየኸውን አየሁ በል፣ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ በል። ውሸት ከተገኘበት ወሬው በመጣበት መንገድ ከአፍ ወደ አፍ እየተጠየቀ መነሻው ድረስ ይመለሳል። እዚያ የተገኘው ሰው ይቀጣል። ቅጣቱስ ይቻላል፤ የሚከብደው ከዚያ ወዲያ ማንም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዳጉ አለመቀበሉ ነው። እኔ የደጋ ሰው ልጅ ሆኜ እዚያ ክብ ውስጥ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ሰመራ ውስጥ ባል የለኝም፣ ዘመድ የለኝም፣ የራሴ ቤት የለኝም፤ የነበረኝ «እሷ ካለች እውነት ነው» መባል ነበር። ይህ መታመን ከሄደ አገሬም አብሮ ይሄዳል።

የቤቶቹ ምዝገባ በተጀመረ ሰሞን የአካባቢው ጎሳ ሽማግሌ ቢሮ እንደሚመጡ መልእክት ላኩብን። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ የእሳቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሥራው በእርግጥ መጀመሩን ሳያውቁ ግን ግመል አውጥቶ የሚሸጥ የለም። በዚያው ቀን ጠዋት ጋሼ ከአዋሽ ገባና ገና መኪናውን ሳያጠፋ ስልኩን በመስኮት ዘረጋልኝ። ፎቶ ነው፤ ረጅም የመሠረት ቦይ፣ ዳር ላይ የተከመረ አፈር፣ አካፋ የያዙ ሰዎች።

«እይው! ተቆፍሮ አለቀ» አለኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቦታው ድረስ አልሄድኩም ነበር፤ ሙቀቱ፣ የቢሮው ወረቀት፣ የኔ ስንፍና። ደስ አለኝ። ፎቶውን ወደኔም ስልክ ላከልኝ።

ረፋድ ላይ ሽማግሌው በባጃጅ መጡ፣ ወንበሩን ትተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ዳጉ ተቀያየርን። በመጨረሻ፣

«መሠረቱስ?» አሉኝ።

«ተቆፍሯል፣ አባ።»

«አየሽ ወይስ ሰማሽ?»

«አየሁ» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በዚያች ደቂቃ እውነት እየተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ፎቶውን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው።

ሽማግሌው ያሉትን ሰው ሁሉ ተቀበለ። በሳምንቱ ከአሳይታ ሳይቀር እየመጡ ተመዘገቡ፣ ግመልም ተሸጠ፣ የሴቶች ወርቅም ወጣ። እኔም ደስታዬ ሲበዛ ሥራውን ላየው ብዬ በባጃጅ ወደ ቦታው ሄድኩ። ችካል አለ። በኖራ የተሰመረ መስመር አለ። መስመሩን አንድ ፍየል ይልሳል። ጉድጓድ የሚባል ነገር ግን አንድም የለም። ፀሐዩ ላይ ቆሜ ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሰፋሁት። ከአፈሩ ክምር ኋላ የባቡር ጣቢያው ጣሪያ ይታያል። የአዋሽ ጣቢያ! ሰመራ ባቡር ከመቼ ወዲህ ነው የገባው? እንዲህ ዓይነት ጅል ነኝ እንዴ ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ የባጃጁ ሾፌር ዞሮ አየኝ።

ቢሮ ስገባ ጋሼ ሻይ እያማሰለ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት።

«ይህ የት ነው?»

አየውና ፈገግ አለ። «የአዋሹ አዲሱ ፎቅ ነው። እዚህም ያው እንዲሁ ነው የሚሆነው፤ ስካቫተሩ መንገድ ላይ ተበላሸብኝ እንጂ። አንድ ሳምንት ወዲህና ወዲያ ምን ልዩነት አለው?»

«ሽማግሌው እንደሚመጡ ታውቅ ነበር?»

ማማሰሉን ተወ። «አውቅ ነበር» አለ። «እኔን አያምኑኝም፤ አንቺን ያምኑሻል።»

ያን ጊዜ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ዓይኑን በጨው የታጠበ ብዬ ጀምሬ ወዴት እንደደረስኩ እሱና በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ያውቃሉ። ስጨርስ ግን ማልቀስ ጀመርኩ፤ አየሁ ማለቴ ምን ማለት እንደሆነ እያለቀስኩ አስረዳሁት። ይህ ሁሉ ዓመት አፋር ላይ ኖሮ፣ ለወሬ ሲል መኪና እያቆመ፣ ወሬው በምን እንደሚታሰር አያውቅም ነበር። ቀስ በቀስ ፊቱ ጠቆረ።

የባሰው በማግስቱ መጣ። ከሎግያ ወተት ተሸክማ ሰመራ የምታመጣ አንዲት ሴት በዚያ ስታልፍ ጉድጓድ እንደሌለ አይታ በዳጉ ተናግራ ኖሯል። ሽማግሌው ሁለት የማይታረቅ ወሬ ስለደረሳቸው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ራሳቸው መጥተው ሊያዩ ቀጠሩ። አራት ቀን ቀረ።

ጋሼ የአዋሹን ሥራ አቆመ። ሁለት ስካቫተር ተከራየ፣ ከመልካ ወረር በኩል ሥራ የጨረሱ ጥጥ ለቃሚዎችን በአይሱዙ አስጭኖ አመጣ፣ የሰመራን ጥቁር ድንጋይ የሚሰብር ኮምፕሬሰር አስገባ። ራሱም ሸሚዙን አውልቆ ዶማ ያዘ። ስኳር በሽታ አለበት፤ ተው ብንለው አልሰማም። በእርጥብ ጆንያ ከተጠቀለለው ጀሪካን ውሃ ሳመጣለት መዳፉ ቆዳው ተልጦ አየሁ።

«ለምን እንዲህ ትሆናለህ?» አልኩት።

«የኔ ስም ድሮም ቆሻሻ ነው፤ አንድ እድፍ ቢጨመርበት ማን ያውቀዋል? ያንቺ ግን ንጹሕ ነበር» አለኝ። ዶማውን መልሶ አነሳ። ንዴቴ እዚያው ሟሸሸ።

ዓርብ ከሰዓት ሽማግሌው ከአምስት ሰዎች ጋር መጡ። ወተት ሻጯም ከኋላ መጥታለች፤ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ለብቻዋ ቆማለች። አርባው መሠረት ተቆፍሮ ተደርድሯል። ሽማግሌው በአንዱ ዳር ዳር ተራመዱ፣ በከዘራቸው ጥልቀቱን ለኩ፣ ፊታቸው ተፈታ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ጉድጓድ የለም ያልሽው ይህን ነው?»

«ወላሂ አልነበረም» አለች።

ከሰዎቹ አንዱ ምላሱን አጮኸ። እሷ እግሯን እግሯን ታያለች፤ ልትጮህም ልትሟገትም አልሞከረችም። ገባኝ። እኔ ዝም ካልኩ ቃሌ ይተርፋል፣ የእሷ ይሞታል። ከመንደር መንደር ወተት ይዛ ስትዞር ማንም ዳጉ አይቀበላትም፤ ያየችውን ብቻ የተናገረች ሴት ናት። ጋሼን አየሁት። አቧራ ለብሶ፣ በተላጠ እጁ ዶማውን ተደግፎ፣ ተርፈናል የሚል ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ወደ ፊት ሄድኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ እሷ ያለችው እውነት ነው። አየሁ ባልኩዎት ቀን ጉድጓድ አልነበረም። ያየሁት ስልክ ላይ ነው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አፈሩ ላይ ተከሉ። «ስልክ ዓይን ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ አባ።»

«ማን አሳየሽ?»

ይህን እንደሚጠይቁ አውቅ ነበር። «እሱ» አልኩ።

በአፋርኛ ነበር የምንነጋገረው፤ ጋሼ ግን መተርጎም አላስፈለገውም። ዶማውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ አልካደም፣ ሰበብም አላቀረበም።

ሽማግሌው ከሰዎቻቸው ጋር መከሩ። እኔ ለወተት ሻጯ አንዲት ፍየል እንድሰጥና በሰው ፊት ይቅርታ እንድጠይቃት ፈረዱ። «በራስሽ እግር መጥተሽ ስለተናገርሽ ከእንግዲህም እንሰማሻለን» አሉኝ። ወደሱ ሲዞሩ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ቤቱን ይሥራ፤ ሰው ግመሉን ሸጧል። ዳጉ ግን ከእሱ አንቀበልም፣ ለእሱም አንሰጥም።»

ይህንን ተርጉሜ የነገርኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ከተረጎምኩት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

አርባውንም ቤት ጨረሰ። ዘገየ፣ ተሰደበ፣ አንዴም ተከሰሰ፤ ግን ጨረሰ፣ ቁልፍም አስረከበ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሻይ ቤት ሲገባ ሰዎች ተነስተው በአክብሮት ይጨብጡታል፣ ደኅና ነህ ይሉታል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ወንበሩን ይዞ የሚሄድበት ጠረጴዛ አልነበረም። ክሱንና ስድቡን እንደ ውሃ የጠጣ ሰው በዚህ ከሳ። እኔን አንድ ቀን ክፉ አልተናገረኝም። አንዴ ብቻ መኪና ውስጥ ሆነን «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አለኝ። «ወተት ሻጯስ?» አልኩት። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «እውነትሽን ነው» አለ። የመጨረሻውን ቁልፍ ባስረከበ ሳምንት ጓዙን ጠቅልሎ አዋሽ ገባ፣ ሰመራንም ዳግመኛ አልረገጠም።

ባለፈው ዓመት ልጠይቀው ሄድኩ። ሾፌሮቹ ከሚያድሩበት ግቢ ጥግ ላይ ባለች አንድ ክፍል ይኖራል፤ ስኳሩ ዓይኑን ስለያዘው ብዙም አይወጣም። ድምፄን ሲሰማ ሊነሳ ሞከረ። እኔ ግን ወንበር አልፈለግኩም፤ ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ፣ እጁን ይዤ ሌላ ማንም የማይሰጠውን ዳጉ ሰጠሁት። ከሰመራ ስነሳ ጀምሮ ያየሁትን፣ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁት፣ ሎግያ ላይ ጎርፍ እንደነበር፣ ሽማግሌው በእርጅና እግራቸውን እንደያዛቸው፣ ወተት ሻጯ የልጅ ልጅ እንዳየች ነገርኩት። አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ጆሮውን አቅርቦ ያዳምጥ ነበር።

«ቤቶቹስ?» አለ።

«ይቀዘቅዛሉ። በሐጋይ እንኳ ሴቶቹ ውስጥ ነው የሚውሉት። ገብቼ ተቀምጬ አይቻለሁ።»

«ደስ እንዲለኝ ብለሽ ነው።»

ምንጣፉን ዳበሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስሜን የሚያነሳ አለ?» አለኝ።

አለ ማለት እችል ነበር። ማን ሄዶ ያጣራል? ግን ዳጉ ላይ ተቀምጫለሁ።

«የለም፣ ጋሼ። አያነሱህም።»

አንገቱን ደፋ፤ እጄን ግን አልለቀቀም። ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር።

«እንግዲያው ይቀዘቅዛሉ ያልሽኝ እውነት ነው» አለ።